አርባ አንደኛዋ ፈራሚ

ልብስ ሰፊዋ ቀድሞ የሚመጣላት መጥፎው ነው። ስልክ ሲጮህ ሰው የሞተ ይመስላታል፤ ልጇ ስትስል ሳንባዋ ያለቀ ይመስላታል። ባሏ "አንቺ እኮ ዝናቡ ሳይመጣ ትበሰብሻለሽ" እያለ ይስቅባታል። ባለፈው ክረምት ግን የፈራችው ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ የሰፈሩ ፍሳሽ በመታጠቢያ ቤቷ ቀዳዳ ተመልሶ ወጣ። ጥቁርና አረፋ የደፈቀ ውሃ የሰው ዓይነ ምድር እያንሳፈፈ እስከ ልጇ ፍራሽ ድረስ ገባ። ቤቱን በበረኪና ደጋግማ አጥባዋለች፤ ሽታው ግን ከግድግዳው አልለቀቀም። ዛሬም ምግብ ስትጎርስ ጉሮሮዋ ላይ ይመጣባታል።

አሁን ደግሞ ከቤቷ ጀርባ አሥራ ሁለት ፎቅ ሊሠራ ነው፤ ፍሳሹም ያን ቀን በገነፈለችው ጠባብ የሰፈሩ ቱቦ ሊወርድ። ኩባንያው ያስጠናው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ "ለነዋሪው የሚያሰጋ ነገር የለም" ይላል። ጎረቤቷ ጡረተኛው መምህር "ማንም አላማከረንም" ብለው መቃወሚያ አስገቡ። የከተማው አቤቱታ ሰሚ ጉባኤ መቃወሚያውን የሚሰማው ዛሬ ነው። ካልተቀበላቸው ቁፋሮው ሰኞ ይጀመራል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሰብሳቢውና ሁለት የጉባኤው አባላት ከፊት ተቀምጠዋል። ከእነሱ በስተቀኝ ያለው የኩባንያው ጠበቃ ሽቶ ከማብዛቱ የተነሳ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል።

"አልተማከርንም ነው የሚሉት?" አለ ጠበቃው አንድ ወረቀት አንሥቶ። "አርባ አንድ ነዋሪ ተሰብስቦ ፈርሟል። በያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት 'እደግፋለሁ' የሚል አለ። አባቴ፣ እርስዎም አሥራ አምስተኛ ተራ ላይ አሉ።"

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላበጡት። "ይሄ የእኔ ፊርማ አይደለም። እዚህ በተጻፈው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። እናንተ ናችሁ የፈረማችሁልኝ።"

"እንግዲያው የእጅ ጽሑፍ መርማሪ ይጠራልን። የፈረመው የእኛ ሰው ካልሆነ ግን አቤቱታዎ ባዶ ነው።"

"ይጠራ" አሉ መምህሩ።

ከመምህሩ ጎን የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየች። የራሷ እጅ ነው።

በሰፈራቸው ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሥራ የቀለለው ሰው ይሄድና ለቀሩት ይፈርማል። ቀሪ እንዳይባሉ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ጽሑፏ ስለሚያምር ይሄ ሥራ ሁሌም የእሷ ነው። ስብሰባ የማይወዱት መምህር እንኳ ሳያውቁት ለዓመታት በእሷ እጅ ሲገኙ ኖረዋል። በዚያ ስብሰባ ቀን ቦርሳ ላንጠለጠለው የኩባንያው አጥኚ የመጣለት ስምንት ሰው ብቻ ነበር። ስለ አበባና ስለ ሣር አሥር ደቂቃ አወራ፤ ስለ ቱቦ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ወረቀቱን ሰጣት።

"እህቴ፣ ለቀሩት ሙዪላቸው።"

"ርዕስ የለውም እኮ።"

"የስም መቆጣጠሪያ ነው፤ ምን ርዕስ ያስፈልገዋል?"

ሞላች። ስም ሲያልቅባት "ገጹ ይሙላ እንጂ፣ ባዶ መስመር ያስጠላል" አላት። በመጨረሻው መስመር ላይ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጇን ስም ጻፈች። አሁን በዚያ ስም ፊት ለፊት፣ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ቀለም፣ "እደግፋለሁ" ይላል። ያ የክረምቱ ሽታ ጉሮሮዋ ላይ መጣ።

ብትናገር ትታሰራለች። ባሏ ሌላ ያገባል፤ እንጀራ እናት ልጇን ፀጉሯን ሳታበጥርላት ትምህርት ቤት ትሰዳታለች። ዝም ብትል ደግሞ መርማሪው መጥቶ ሽማግሌውን ያዋርዳቸዋል፣ ፍሳሹም ቤቷ ይገባል። ተነሣች።

"የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

መምህሩ ዞር አሉ። "ምን አልሽ ልጄ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ሠላሳ ሦስቱንም።"

ጠበቃው ፈገግ አለ። "ይኸው፣ ፎርጅዱ ከገዛ ቤታቸው ወጣ። ይመዝገብልኝ።"

"ይመዝገብ" አለች። "አርባ አንደኛዋም ትመዝገብ። ልጄ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ፎቁን የደገፈችው ማባዛት እንኳ ሳትችል ነው።"

ከአባላቱ አንዱ ሳቁን በሳል አለፈው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። "'እደግፋለሁ' የሚለውንስ ማን ጻፈው?"

"እኔ አይደለሁም። ስፈርም ባዶ ነበር። መርማሪው ይምጣና ይየው።"

"መርማሪ የጠየቁት እርስዎ ነበሩ" አሉት ሰብሳቢው ጠበቃውን።

"እዚያ ድረስ እንኳ መሄድ አያስፈልግም" አለና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ጸሐፊዋ ቃሏን ተይባ አቀረበችላት። ልብስ ሰፊዋ አነበበችው። "ምስክሯ በራሳቸው ፈቃድ የሌሎችን ፊርማ አስመስለው መፈረማቸውን አምነዋል" ይላል፤ በቃ። ባለ ቦርሳው የለም፣ ባዶው ዓምድ የለም፣ ልጇም የለችም።

"ይሄ ጎደሎ ነው።"

"ዋናው ነገር አለ እኮ" አለች ጸሐፊዋ።

"ሙዪ ያለኝ ሰውዬ የለም። ከፈረምኩ በኋላ የተጻፈውም የለም።"

"እህቴ፣ የሰው ምሳ ሰዓት እየበላሽ ነው" አለ ጠበቃው።

"እኔ አልራበኝም።"

ሰብሳቢው በረጅሙ ተነፈሱና እንደገና አስተየቡት። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ፈረመች።

ጉባኤው ተመካክሮ ውሳኔውን እዚያው አነበበ። ግምገማው ውድቅ ሆኗል፤ ነዋሪው ቤት ለቤት ተጠይቆ፣ ቱቦው ተለክቶ እንደ አዲስ እስኪሠራ ድረስ ቁፋሮ የለም። "የእርስዎ የፊርማ ጉዳይ ግን ለሕግ ክፍል ይተላለፋል" አሏት ሰብሳቢው።

"አውቄዋለሁ" አለች።

መምህሩ ከእሷ ጋር ወጥተው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ከዚያ "ፊርማዬን አየሁት" አሉ። "እኔ ከምፈርመው አንቺ የፈረምሽው ያምራል።"

"አያሹፉብኝ ጋሼ። ያስጠላኛል።"

"ምኑ?"

"እጄ።"

የሕግ ክፍሉ መቼ እንደሚጠራት፣ ያን ቀንም ልጇን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣላት እያሰበች ደረጃውን ወረደች።