ያፈረ ይገባል

ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ከሐኪም መወለድ ያስፈልጋል እንዴ? ክላሳችን ውስጥ እንደዚያ ነበር የሚመስለው። የአንዱ አባት የልብ ሐኪም፣ የሌላዋ እናት የዓይን። እኔ የጀላሉዲን ልጅ ነኝ። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል፤ የምንኖረውም ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም የማይቀረው ሰፈር ነው።

የገባሁበት ማስተርስ ሜዲካል ስኩል በቀጥታ ላልገባን ሰዎች የተተወ የመጨረሻ ዕድል ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ነጥቤ ወርዶ ማንም ሊያየኝ አልፈለገም። ሶ፣ አንድ ዓመት ከሜዲካል ተማሪዎች እኩል ተምረሽ እንደምትችይ አሳዪን ይሉሻል። በአንድ ኮርስ እንኳ ከቢ በታች ያመጣ ይሰናበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪምነትን መርሳት ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰዉን ክፉ ያደረገውም ይሄው ነው።

ፈገግታማ ሞልቷል፤ ሃይ ሃፍሳ፣ ሃው አር ዩ ሃፍሳ። ቅዳሜ ተራራ መውጣታቸውን፣ ልደት ማክበራቸውን ሰኞ በፎቶ አያለሁ። የጥናት ግሩፕ ይኖር እንደሆን ስጠይቃቸው፣ ኖ፣ ሁላችንም ለየብቻችን ነው የምናጠናው አሉኝ። በማግስቱ ላይብረሪ ሄድኩ፤ በመስታወት የታጠረው ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ቦርዱን ሞልተውታል። አንዷ አይታኝ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩላት፣ ምን ላድርግ።

ለተማርያም ባትኖር አብድ ነበር። ከክላሱ ሐበሻ እኔና እሷ ብቻ ነን። አክስቷ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት መንገድ ላይ፣ ሬስቶራንት ውስጥ ስለምትሠራ፣ ከምሳ በኋላ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል የጥጓን ጠረጴዛ ይለቁልናል። እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፣ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ጾም ላይ ናት፤ ስለዚህ ሁሌ አንድ የጾም በያይነቱ አዘን ለሁለት እንበላለን። ምስሩን ጉበት፣ ጎመኑን ሐሞት እያልን ስንቱን አጥንተንበታል። አክስቷ ስትሰማን፣ ኧረ በምግብ ላይ እንዲህ አይባልም እያለች ትቆጣናለች።

ኩላሊት ላይ ስንደርስ እኔ ተያዝኩ። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቀጭን የደም ሥር አፈረንት ይባላል፤ የሚያስወጣው ደግሞ ኢፈረንት። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፣ እኔም ሁሌ እቀላቅላቸዋለሁ። አንድ ቀን ለተማርያም የጠቀለለችውን ጉርሻ ይዛ መሳቅ ጀመረች።

"አፈረንት ማለት ያፈረ ነው በይ" አለችኝ። "ያፈረ ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱ ይገባል፣ ጋቢውን ይከናነባል። በቃ፣ ያፈረ ይገባል።"

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ወዲያ መኪና ውስጥም ያፈረ ይገባል፣ ከሶላት በኋላም ያፈረ ይገባል። ያዝኩት ብዬ ነበር።

የፈተናው ቀን ኩላሊት አንድ ረጅም የበሽተኛ ታሪክ ሆኖ መጣ። ጥያቄዎቹ የተያያዙ ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሳተ ሁሉም ይገለበጥበታል። እሺ አልኩ፣ ያፈረ... ያፈረ ምን? ያፈረ ሰው ብዬ ሳስብ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ወንድሜ ኢማድ ነው። ኮሌጅ ማቋረጡን አባቴ ያወቀ ቀን ኢማድ መኝታ ቤቱ ገብቶ አልተከናነበም። የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ወጣ፤ እስከ ዛሬ የት እንደሚያድር አናውቅም። ጋቢ መከናነብ እነ ለተማርያም ቤት ይሆናል፤ እኛ ቤት ያፈረ ይወጣል። ሁሉንም በዚያው ሞላሁት፣ ያውም በሙሉ ልብ።

ለተማርያም በር ላይ ጠበቀችኝና "ያፈረ ይገባል አይደል?" ብላ እየሳቀች አቀፈችኝ። መገልበጤን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሲ ፕላስ አመጣሁ። እሷ አለፈች፣ እኔ ተሰናበትኩ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ውሳኔው ይግባኝ እንደሌለው ነግራኝ፣ በጤናው መስክ ሌላም ብዙ ሥራ እንዳለ መከረችኝ። ለተማርያም አለቀሰችልኝ፤ ከልቧ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግን እዚያው መስታወት ክፍል ውስጥ ከእነሱ ጋር የተነሳችውን ፎቶ አየሁ። አልፈርድባትም፣ ብቻዋን ምን ታድርግ። ግን ተናደድኩ፣ መዋሸት ምን ያደርጋል።

ለአባቴ የነገርኩት እንጀራ ልንገዛ ወደ ፌርፋክስ ስንሄድ ነው። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸብኝ። ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋና መሪውን እንደያዘ ቀረ። አባቴ በቀልድ እንኳ የማይዋሽ ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን ቻርጀር ሳይቀር ፈልጎ የሚመልስ።

"ለእናትሽ ነግረሻታል?" አለኝ።

አልነገርኳትም አልኩት። "ጥሩ" ብሎ ወረደ።

ባለሱቋ እትዬ ብዙአየሁ ገና ስንገባ ከባንኮኒው ወጥተው ሳሙኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩና ዶክተራችን ትምህርቱ እንዴት ይዟታል ብለው ጠየቁት። እኔ አባቴን አየሁት። አንድ ቃል ተናግሮ ቢገላግለኝ ብዬ ለመንኩት፣ በሆዴ።

"ደህና ይዟታል" አለ አባቴ፣ እኔን ሳያይ። "ትንሽ ነው የቀራት።"

እትዬ ብዙአየሁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ያስጨርስሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ ይሄን ጉልበቴን አንቺ እስክታክሚኝ ያቆየኝ አሉ። አባቴ ጮክ ብሎ አሚን አለ። ከዚያ ዞሮ ያን ጊዜ ገና አየኝ፤ እኔም እንድል እየጠበቀ ነበር።

"አሚን" አልኩ።