የማያጨሰው ጠባቂ

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ፣ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ስመታ ነው የኖርኩት። ሥራ ስገባ እዚያ ያየሁትን ለማንም እንዳልተነፍስ ፈርሜያለሁ፤ ከተነፈስኩ እስር ነው። ሕጉ ጡረታ ብትወጣም አይለቅህም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምን ዋልክ?» ትለኛለች። «ወረቀት» እላታለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ለሚስትህ ስምህን ነግረሃታል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን መጠየቁን ተወችው። ከዚያ ወዲያ እራት ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ አሁን ማንኪያውም አንድ ነው።

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ፣ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ልጇ የጥይት መጋዘን ጠባቂ ነበር። መጋዘኑ ተቃጥሎ ከነባልደረቦቹ ሞተ። «ጠባቂው ሲጋራ ለኩሶ ነው» ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የሌሎቹ ሟቾች ቤተሰቦች እዚሁ ሰፈር ናቸው፤ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። «ልጄ ሲጋራ አያውቅም» ብትል፣ እናት ሌላ ምን ትላለች ብለው አለፏት። ቀን ቀን የስፌት መኪናዋ ሲንቀጠቀጥ እሰማለሁ፤ የሚሰፋ ጨርቅ የሚያመጣላት እንደሌለ ግን አውቃለሁ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የቃጠሎው ምርመራ በእጄ አለፈ። ደንባችን ሳያነቡ መምታት ነው፤ ገጹን በሌላ ወረቀት ሸፍነን ጠርዙን ብቻ እናወጣለን። ያን ቀን ቀለሙ ስለበዛ እስኪደርቅ ብዬ ሽፋኑን አነሳሁት፤ ዓይኔ ሁለት መስመር ላይ አረፈ። «ጠባቂው አያጨስም። የኤሌክትሪክ መስመሩ እንዲጠገን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቷል።» ማኅተሜ ከላይ ይንጠባጠባል።

የመጋዘኖቹ ቦታ አፈር እስክገባ ከአፌ አይወጣም፤ መደበቁ የሰው ነፍስ ይጠብቃል። የእነዚያ ሁለት መስመሮች መደበቅ ግን ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ከቆለፈው አለቃ በቀር ማንን ይጠብቃል? ይህን እያሰብኩ ሁለት ዓመት ግድግዳውን ሳዳምጥ ኖርኩ።

ባለፈው ሰኞ ኮቴን ይዤ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ።

«የቱ ጋ ነው የተቀደደው፣ ጋሼ?» አለችኝ እያገላበጠች።

የትም አልተቀደደም። ያነበብኩትን ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ኮቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አለማጨሱንማ እኔ መች አጣሁት» አለች። «ለእኔ ምን ይነግሩኛል፣ ጋሼ። ሲያዩኝ መንገድ ለሚቀይሩት ይንገሩልኝ እንጂ።»

«ያስሩኛል፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ።»

አልለመነችኝም። ላልቶ የነበረ አንድ ቁልፍ አግኝታ አጥብቃ ሰፋችና ኮቱን መለሰችልኝ።

ዛሬ ጠዋት ያንኑ ኮት ለብሼ ጋዜጣ ቢሮ ሄድኩ። ጋዜጠኛው ስሜን ላለመጥራት ቃል ገባልኝ። «ስም የሌለው ወሬማ የሲጋራውም ወሬ ነበር» አልኩትና ሁለቱን መስመር በእጄ ጽፌ ከሥሩ ፈረምኩ። መጋዘኑ የት እንደነበር፣ ውስጡ ምን እንደነበረ ሲጠይቀኝ ግን «ወረቀት» አልኩት።

ጋዜጣው ነገ ይወጣል። ኮቴን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ዛሬ እሷ እኔን የምታዳምጥ ይመስለኛል።