ቀይ ፖስታ ያልደረሰው ሟች

ዩክ ላን ልጇን በገዛ እጇ ነው ያስረከበችው። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም አትክድም። ክፋት አስባ አይደለም። ክፋት የሚባል ነገር ትንሽ እንኳ ቢገባት ኖሮማ ትድን ነበር!

የሲኒማ ሰዎቹ ሻም ሹይ ፖ የሚባለው የድሆች ሠፈር ገብተው ደረጃ ለደረጃ ሲንከራተቱ የሰነበቱት ሊፍት የሌለው አሮጌ ፎቅ ፍለጋ ነው። ዳይሬክተሩ ዴክስተር ያው ይባላል። ገና አርባ ያልሞላው፣ ጥቁር ከነቴራ ብቻ የሚለብስ፣ "ከተማችንን እንዳለች የሚያሳይ" እየተባለ ውጭ አገር ድረስ የተጨበጨበለት ሰው ነው። ስድስተኛ ፎቅ ወጥቶ የዩክ ላን በር ሲከፈትለት፣ ግድግዳው ላይ የሚታጠፈውን ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን እርጥብ ልብስ፣ እጅ ቢዘረጋ የሚነካውን የጎረቤት ግድግዳ አየና ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ይኸው! ሆንግ ኮንግ ማለት ይቺ ናት!" አለ።

ዩክ ላን ገረማት። ሃያ ስድስት ዓመት ኖራበታለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልቅሳለት አታውቅም። ባሏ የሞተው ልጃቸው ቺ ሆንግ አራት ዓመቱ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ በሬስቶራንት ጓሮ ጣቶቿ እስኪላላጡ ሳህን እያጠበች ልጁን አሳደገችና የሊፍት ቴክኒሻን አደረገችው። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ዌይ ሻን የምትባል የባንክ ሠራተኛ ሊያገባና እዚሁ ቤት ሊያስገባት ነው። ዩክ ላን በዚህ ዓለም ላይ የምትጠብቀው ይህን ሰርግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞት ራሱ በሩን ቢያንኳኳ "ግባ፣ አረፍ በል" ትለው ነበር።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ኩም አፏን አጣማ መከረቻት። "ስሚኝ፣ ሰው የሚሞትበት ፊልም ከሆነ በርሽን ዝጊ። ሙሽሮች የሚገቡበት ቤት ነው። በውሸትም ቢሆን ሬሳ የተጋደመበት አልጋ ላይ ማን ይተኛል?"

ዩክ ላን ሞኝ አይደለችም፤ ጠየቀች።

"ይሄ ፊልም... ሰው ይሞትበታል እንዴ?"

ዴክስተር እጇን በሁለት እጁ ያዘ። "እማማ ላን፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አይሞትም። ቃሌ ነው።"

ዋሸ? አልዋሸም። እንደሱ ዓይነቱ ሰው መቼ ይዋሻል! የሚዋሽ ሰውማ አንድ ቀን ይያዛል።

ቀረጻው የተጀመረ ዕለት ለመልካም ዕድል ተብሎ ደጃፉ ላይ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ ቀረበ፣ የዕጣን እንጨት ተሰካ፣ ካሜራው ቀይ ጨርቅ ለበሰ። ዴክስተር ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ጨርቁን ገፈፈው። በማግስቱ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ተዋናይ ታች አስፋልቱ ላይ ወድቆ የሚሞት ለማኝ ሆኖ ሲሠራ ዩክ ላን በመስኮት ታይ ነበር። ሽማግሌው ገና ልብሱን ሳያራግፍ ዴክስተር ራሱ ቀይ ፖስታ ሰጠው፤ ሽማግሌውም "ቱ! ቱ!" ብሎ ተፍቶ ሳቀ። በውሸት የሞተ ሁሉ ይህች ፖስታ ትደርሰዋለች። ፎቶው የሟች ፎቶ ተብሎ የተሰቀለ ሰው እንኳ ይደርሰዋል። ውስጧ ያለው አንዲት ሳንቲም ትሁን እንጂ ጦስ ጥንቡሳሱን ይዛ ትሄዳለች።

"ወግ የሚያውቁ ልጆች ናቸው" አለች ዩክ ላን፤ ልቧ አረፈ።

ቤት ውስጥ ሲቀርጹ "ድምፅ እንዳይገባ" ብለው ወደ ወይዘሮ ኩም ቤት ይልኳታል፤ በየዕረፍቱ ግን ዴክስተር ኩሽናዋ ውስጥ ትንሿ በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሻይ ትቀዳለታለች፣ ይጠይቃታል። ወይ ጉድ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ማን ጠይቋት ያውቃል! አንደበቷ ተፈታ። ልጇ ከሥራ እስኪገባ በደረጃው ላይ የሚሰማውን ኮቴ ሁሉ እንደምትቆጥር፣ የሥራ ጓንቱን ስታጥብ ጣቶቹን አንድ በአንድ እንደምትዳብስ፣ ሬዲዮው የሥራ ላይ አደጋ ሲያወራ ስም እስኪጠራ ትንፋሿን እንደምትይዝ፣ ለባሏ እንኳ ነግራው የማታውቀውን ሁሉ ዘረገፈችለት። እሱ ይጽፋል።

በሦስተኛው ቀን "እማማ ላን፣ ቤቱ የእውነት ሰው ቤት እንዲመስል የልጅዎን ፎቶ ብንሰቅለውስ?" አላት።

አወይ ዩክ ላን! የዌይ ሻን ቤተሰቦች ዘበኛ ባለው፣ ሊፍቱ በሚያብረቀርቅ ፎቅ የሚኖሩ ናቸው። በተለይ አያትየው፣ ወይዘሮ ፉንግ፣ ለትውውቅ የተገናኙ ዕለት ቺ ሆንግን ያየችው ከጫማው ጀምራ ነው፤ ፊቱ ጋ ሳትደርስ ጠገበች። ያ አስተያየት ዩክ ላን ሆድ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ቀርቷል። እስቲ አሁን ልጇን በሲኒማ ትየው! በዚያ ሁሉ ሸራ! ሳጥኗን ከፍታ ከፎቶዎቹ ምርጡን አወጣች። ከቴክኒክ ኮሌጅ ሲመረቅ በሙሉ ልብስና በከረቫት፣ ፊት ለፊት፣ ሳይስቅ የተነሳው ነው። ወረቀት አቀረቡላት፤ ሳታነብ ፈረመች። ፎቶው በማግስቱ ተወልውሎ፣ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ተመለሰላት። የታባታቸው፣ ጨዋነታቸው ለጉድ ነው!

ለቺ ሆንግ ስትነግረው ሳቀባት።

"እማ፣ ኮከብ ልታደርጊኝ ነው? ኋላ ዌይ ሻንን ትቼ ከተዋናይት ጋር ብጠፋ የለሁበትም እንዳትዪ!"

"ዝም በል አንተ! ተዋናይት ብታገኝህ ነው!"

ከዚያ የሰርጉ ነገር ተጣደፈ። የሴቷ ወገን የሙሽራ ኬኩን ለዘመድ አዝማድ አደለ። ኬክ ከታደለ በኋላ ማፈግፈግ ነውር ስለሆነ ዩክ ላን እፎይ አለች። ለፊልሙ ምርቃት ሁለት የጥሪ ወረቀት ሲልኩላት ግን አልበቃትም፤ ደውላ ለምና ስድስት አስደረገች። አያትየውን፣ የልጅቷን አባትና እናት፣ ሙሽሮቹን፣ ሁሉንም ጋበዘች። ፀጉሯን ተሠራች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መካከለኛው ረድፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። መጀመሪያ ደስታ ነበር። "ድስቷን አያችኋት? የኔ ድስት ናት!" ትላለች በሹክሹክታ፤ አያትየው በስልቹነት በረጅሙ ትተነፍሳለች። ወዲያው አንዲት ተዋናይት የዩክ ላን ኩሽና ውስጥ ቆማ ጓንት ስታጥብ፣ ጣት በጣት ስትዳብስ ታየች። ኮቴ ስትቆጥርም ተሰማች። ቃሉ የዩክ ላን ነው፣ አፉ የሌላ ሰው። በሸራው ላይ የሴትየዋ ልጅ የሊፍት ቴክኒሻን ነው። ፊቱን አያሳዩትም፤ ሁልጊዜ ከጀርባ፣ ሁልጊዜ እየሄደ። አንድ ጠዋት እንደዚሁ ሄደና የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ቤት ውስጥ አልሞተም፤ ዴክስተር ቃሉን ጠብቋል።

ካሜራው ቀስ ብሎ ቤቱን አቋርጦ የዩክ ላን ግድግዳ ላይ ቆመ። ጥቁር ፍሬም። ነጭ አበባ። ሦስት የዕጣን እንጨት። ፍሬሙ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ፣ የቤት በር የሚያህል የቺ ሆንግ ፊት።

ካሜራው አልተነሳም። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ትላለች፤ አልተነሳም። ጭሱ በልጇ አገጭ፣ በአፍንጫው፣ በዓይኑ ላይ እየተጎተተ አለፈ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ያለቅሳል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል። ዌይ ሻን እጇን ከቺ ሆንግ እጅ ውስጥ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

አያትየው ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

"አንቺ ሴትዮ! ለልጅ ልጄ የምትድሪላት ሬሳ ነው? ያውም ጠርተሽ፣ አስቀምጠሽ?"

"አላወቅኩም! አፈር በበላሁ፣ አላወቅኩም! ውሸት እኮ ነው! ልጄ ይኸው፣ እዚሁ ቁጭ ብሎ..."

"እሱንማ አየነው" አለች አያትየው፣ በከዘራዋ ወደ ሸራው እያመለከተች።

በሩ ላይ ዴክስተር አበባ ታቅፎ ፎቶ ይነሳል። ዩክ ላን እጅጌውን ጨመደደችው።

"ቀይ ፖስታው የታለ? ለሽማግሌው ስትሰጠው አይቼሃለሁ! የልጄስ? የልጄስ የታለ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ረዳቶቹ ላይ ያላክክ ነበር። እሱ ግን ሐቀኛ ነው፤ ሐቀኝነቱ ገደል ይግባ!

"ብሰጥዎት ያውቁ ነበር፤ ካወቁ ደግሞ ይከለክሉኝ ነበር" አላት ረጋ ብሎ። "እማማ ላን፣ የተዋናይ ፊት መሞቱን ያውቃል። የልጅዎ ፊት ግን አያውቅም። ሕዝቡ ሲያለቅስ አላዩም? ያስለቀሰው እሱ ነው።" ከዚያ ኪሱን ዳበሰና ቀይ ፖስታ አወጣ። "እንኩ፣ አሁንም አልረፈደም።"

ዩክ ላን ፖስታውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሮጠች። አያትየው ታክሲ ውስጥ ገብታለች፤ ዌይ ሻን ከጎኗ ናት። "ተሰጥቶናል! ይኸው፣ ተሰጥቶናል!" እያለች መስኮቱን ደበደበች። ባለታክሲው ወደኋላ ዞሮ አያትየውን አየ፤ አያትየው በራሷ "ሂድ" አለችው፤ ታክሲው ሄደ። ቺ ሆንግ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ እናቱን ያያታል።

በሦስተኛው ቀን የጥሎሹ ወርቅ በመልእክተኛ ተመልሶ መጣ። ዌይ ሻን ስልክ አላነሳችም። የቺ ሆንግ የሥራ ባልደረቦችም ቢሆኑ የሊፍት ጉድጓድ ከመግባታቸው በፊት ሰማይ ምድሩን የሚለማመኑ ሰዎች ናቸው፤ ፎቶው ዕጣን ከተጨሰለት ሰው ጋር በአንድ ገመድ ማን ይወርዳል? አለቃው "ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ረፍት ውሰድ" አለው። ረፍቱ ሁለት ወር ሞላው። ፊልሙ በበኩሉ ሽልማት በሽልማት ሆነ። ዴክስተር ለጋዜጣ "ታሪኩን ያገኘሁት ከአንዲት እውነተኛ እናት ነው" ብሎ ተናገረ፤ ዩክ ላን ደረጃዋ ላይ ቆማ ስትስቅ ያነሳትን ፎቶም ከጎኑ አወጡለት። ከዚያ ወዲያ ወጣቶች ስልካቸውን እየደገኑ ወደ ፎቁ ይጎርፉ ጀመር። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አዝነው ፎቶ ይነሳሉ፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ቺ ሆንግ ልብሱን ቦርሳ ውስጥ ሲከት አገኘችው።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ማካው ልሻገር ነው። የሆቴል ሊፍት የሚጠግን ይፈልጋሉ አሉ።"

"ምን ላድርግ ልጄ? ንገረኝና ያልከኝን ላድርግ!"

"በቁሜ ቀብረሽኝ ከዚህ በላይ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አያትየው እንድታይህ ብዬ እኮ ነው... በደንብ እንድታይህ..."

"አየችኝ እኮ፣ እማ።"

ዩክ ላን ወደ ምድጃው ዞረች። እናት የምትለው ሲጠፋት የምትለውን አለች።

"ዓሣ ሠርቻለሁ። በልተህ ሂድ።"

ቺ ሆንግ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። "ፎቶዬ ፊት አስቀምጪልኝ" አለና ወጣ።

 ዩክ ላን ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ወጥታ በደረጃው ብረት ላይ ወደታች ተንጠለጠለች። "ቺ ሆንግ! ቺ ሆንግ፣ ልጄ፣ ተመለስ!" ድምፅዋ ስድስቱን ፎቅ ወረደ።

አራተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ልጅና ጓደኛዋ ስልክ ይዘው ቆመው ነበር። ልጅቷ ቀና አለችና አፏን ያዘች። "ወይኔ! እሷ ናት! የእውነቷ እናት!" ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ሳንቀርጸው አመለጠን። እባክዎ አንዴ ይድገሙልን?" ጓደኛዋ የስልኩን መብራት አብርቶ ፊቷ ላይ ያዘላት።

ታች የመግቢያው ብረት በር ሲዘጋ አልተሰማም። ገና አልወጣ ይሆናል፤ ደረጃው ሥር ቆሞ ይሆናል። ዩክ ላን ምናልባት ቢሰማኝ ብላ ብረቱን ጨብጣ፣ እንዳለ ድምፅዋን አውጥታ፣ የልጇን ስም ደግማ ተጣራች። በሩ ተዘጋ።

"በጣም አሪፍ ነበር!" አለች ልጅቷ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማማ፣ የመጨረሻ።"