የፑኑስ መዳብ

ዘመናትን በመዳፉ የሚሰፍር፣ የሰውን እስትንፋስ ፊተኛና ኋለኛ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ቀን መቍጠር ነው። በዚህ አቈጣጠር አዛውንቱ ፑኑስ ካረፉ ሠላሳ አምስተኛው ቀን ነበር። ለቀብር ከኩዌት የመጣው ልጃቸው ኢፔን፣ አምባሳደር ከተባለው የአባቱ አሮጌ መኪና የፈታውን፣ አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አስቀምጦታል። ዝናቡ ከኮኮናት ዛፎቹ ላይ ይንጠባጠባል።

"ይኼ አብቅቶለታል" አሉ ኡሰፍ፣ የካርቡሬተሩን ዘንግ በሁለት ጣታቸው እያነቃነቁ። በከተማቸው በኮታያም ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ "አሻን"፣ መምህር ማለቱ ነው፣ እያለ የሚጠራቸው የሰባ ስምንት ዓመት መካኒክ ናቸው። "እየው፣ እንደ አሮጊት ጥርስ ይወዛወዛል። በዚህ በኩል አየር እየሰረቀ ነው ሞተሩ ቀጥ የሚለው።"

"ለዚህ እኮ ነው አዲስ የገዛሁት" አለ ኢፔን።

ጋዜጣው ላይ ሁለት ምትክ ተቀምጦ ነበር። አንደኛው ኢፔን ከከተማ ያመጣው ነው፤ ለሌላ ትልቅ ሞተር የተሠራ፣ የአየር ጉሮሮው ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ። ሁለተኛውን አሻን ከተጣለ አምባሳደር ላይ ነቅለው፣ ዘንጉን በቶርኖ አሠርተው አድሰውታል። መልኩ ጠቍሯል፤ ዓይነቱ ግን ከቀድሞው ጋር አንድ ነው።

የቀረው አምስት ቀን ብቻ ነው። በአርባኛው ቀን ካህኑ መቃብሩ ላይ ጸሎት ያደርሳሉ። የኢፔን እናት አለያማ ግን ገና በሦስተኛው ቀን ቃላቸውን ተናግረዋል፤ "በእሱ መኪና ካልሆነ በማንም መኪና አልሄድም። ካልተነሣች በእግሬ ነው።" በቀብሩ ዕለት መኪናዋ ሰባት ጊዜ ጠፍታ፣ በለቀስተኛ ተገፍታ አድርሳቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም። ቤተ ክርስቲያኑ ለጤነኛ ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የአለያማ ጕልበት ደግሞ እስከ ውኃ ጕድጓዱ እንኳ የሚያደርሳቸው በግድ ነው።

ከውስጥ፣ ለለቅሶ ደራሾች ዝንጅብል የገባበት ሻይ የምታድለው ጎረቤታቸው ታንዳማ ስታንሾካሹክ ይሰማል።

"ነፍሱን ይማረውና፣ ፑኑስ እኮ ኤሊ የሚቀድመው ሰው ነበር። ለምጤ ጠርተነው ልጄን መንገድ ላይ ወለድኩ!"

"ሂጂ ወዲያ፣ ውሸታም! የወለድሽውማ ደጅሽ ላይ ነው፤ እሱ መች ደረሰና?" አለች ሌላዋ።

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጭ ልብሳቸው ጫፍ አፈኑ። ኢፔን ግን አልሳቀም፤ የልጅነት እፍረቱ መጣበት። ከኋላቸው አውቶቡስ ክላክስ ሲያንባርቅ፣ አባቱ ወደ ግራ ጠጋ ብለው፣ በዚያ አገር መሪው በቀኝ ነውና፣ ቀኝ እጃቸውን በመስኮት ያወጡና "እለፍ ወንድሜ፣ መንገዱ ያንተ ነው" እያሉ ያውለበልቡ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ "የበሬ ጋሪ! የበሬ ጋሪ!" ሲሉ እሱ ወንበር ሥር ይሸጎጣል። ዐሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ ፊት ለፊት "አባዬ፣ ፈሪ ነህ" አላቸው። አባቱም "አዎ ልጄ" ብለው፣ በዚያው ዝግታ መንዳታቸውን ቀጠሉ።

"ማን ነው የሚነዳት?" ሲሉ ጠየቁ አሻን።

"እኔ ነኛ።"

"እንዴት አድርገህ?"

"እንደ ሰው ነዋ! እንደ አባዬማ አይደለም።"

"እንግዲያው ስማ። ሰፊ ጉሮሮ ለሩጫ ነው። ቀስ ብለህ ስትሄድ ግን አየሩ ይደክማል፣ ቤንዚኑን መሳብ ያቅተዋል፤ መኪናዋ ታንቃ ትቆማለች። ጠባቡ ነው ለዝግታ የሚሆነው። ካርቡሬተር ለሞተሩ ብቻ አይመረጥም፤ ለነጂውም እግር ነው።"

"አሻን፣ ስብከቱን ለካህኑ ይተዉለት እንጂ።"

"ካህኑ ካርቡሬተር ቢያውቁ ኖሮ እኔ ምን እበላ ነበር?"

ኢፔን የነዳጅ መስጫው ፔዳል የሚስበውን ክንድ ወደ አዲሱ ሊያዛውር ከአሮጌው ላይ በካቻቢቴ ፈታው። ያን ጊዜ ከክንዱ ሥር አንዲት የታጠፈች የመዳብ ቁራጭ ወልቃ ጋዜጣው ላይ ወደቀች። አንሥቶ አገላበጣት። ክንዱ ከግማሽ በላይ እንዳይከፈት የምታግድ ነበረች።

ሳቁ አመለጠው። "ለካ ዝግታው የመኪናዋ ጥፋት አልነበረም! ቤንዚን ለመቈጠብ ነው! እንዲህም ያለ ስስት አለ?"

አሻን አልሳቁም፤ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ።

አለያማ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። በሐዘኑ ምክንያት ሥጋና ዓሣ ከቤቱ ከራቀ ጀምሮ የየዕለት ምሳ የሆነውን የሩዝ አጥሚትና ማሾ ይዘዋል። ሳህኑን አስቀመጡና መዳቧን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ።

"ስስት አይደለም" አሉ በዝግታ። "አንተ ከመወለድህ በፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባትህን አውቶቡስ ቀደመውና እልህ ያዘው። በውኃ ቦዩ ዳር ካለው የመንገድ ጥምዝ ላይ መልሼ እቀድማለሁ ሲል ውኃው ውስጥ ገባን። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ።"

ውስጥ ታንዳማ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"ወንድ ነበር" አሉ አለያማ። "ከሳምንት በኋላ አባትህ መኪናዋን ላቃጥል ብሎ ወጣ። የያዝኩት እኔ ነኝ። 'እሷ ምን አደረገች? እግርህን እሰር' አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከእሱ በቀር የማንም መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።"

"መዳቧን ያጠፍኳት እኔ ነኝ" አሉ አሻን፣ ዓይናቸውን ከዝናቡ ሳይነቅሉ። "ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። 'ነገ ልጅ ብትወልድ ፈሪ ይልሃል' ስለው፣ 'ይበለኝ፤ እናቱ ሳትሰቀቅ ከተሳፈረች ይበቃኛል' አለኝ።"

ኢፔን የሚያብለጨልጨውን ካርቡሬተር ወደ ካርቶኑ መለሰና የጠቈረውን ወደ ራሱ ሳበው።

"አሻን፣ መዳቧ እዚህኛው ላይ ትገባለች?"

"አንድ ዓይነት ነው አላልኩህም? ብሎኗን ብቻ አጥብቃት።"

በቀሩት ቀናት ለቅሶ ደራሽ ሲገባና ሲወጣ፣ ሁለቱ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በጆሯቸው ያደምጡ ነበር፤ አንዱ ብሎን ሲያዞር ሌላው ራሱን እየነቀነቀ። በአራተኛው ቀን መኪናዋ፣ ቆማ ስትሠራ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሽማግሌ ለስለስ ብላ ማጉረምረም ጀመረች።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ አባራ። ኢፔን መሪውን ያዘ፤ አለያማ በጎኑ ተቀምጠው የበሩን እጀታ ጨበጡ። ቦዩ ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው አውቶቡስ አንባረቀ። የኢፔን እግር ሳያስበው ረገጠ። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ከእግሩ ሥር ሌላ እግር ያለ መሰለው።

ወደ ግራ ጠጋ አለ። ቀኝ እጁን በመስኮቱ አወጣ።

"እለፍ ወንድሜ" አለ፤ "መንገዱ ያንተ ነው።"

አለያማ የበሩን እጀታ ለቀቁ። አውቶቡሱ አልፎ ከዓይን ከተሰወረ በኋላም ኢፔን እጁን አላስገባም ነበር።

ይህን ላነበባችሁ ሁሉ፣ ከቤታችሁ የወጣውን በሰላም ወደ ደጃችሁ ይመልስላችሁ፤ ማዕዳችሁንም ከድንገተኛ ልቅሶ ይሰውርላችሁ። አሜን።