ማሞቂያው ከመለኮሱ በፊት

ስልኩ የጮኸው ከምሳ በኋላ ነው። አለቃዬ ሚስተር ሀውክ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያንጎላጃሉ፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ከሐይቁ በኩል የሚመጣውን ደመና በመስኮት እያየሁ ነበር።

«ሀውክ ኢንሹራንስ፣ ምን ልታዘዝ?»

መጀመሪያ የሰማሁት ንፋስ ነው፤ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዓይነት ንፋስ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ «ማሞቂያውን ከመለኮሳቸው በፊት ሰው ይየው» አሉኝ።

«የየትኛውን ቤት?»

«የኤልም መንገዱን። የእኔን።»

ተዘጋ። ስልኩ ላይ የቀረውን ቁጥር አየሁት። የኦርቪል ስታኔክ ቁጥር ነው። ሚስተር ስታኔክ በየመጸው እየመጡ የቤታቸውን ኢንሹራንስ ያሳድሱ ነበር፤ ሲሄዱ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የናና ከረሜላ ጣል ያደርጋሉ። ባለፈው የበረዶ ወራት ማብቂያ ላይ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ልብ ነው ተባለ። ያገኘቻቸው ጎረቤት፣ ጉንጫቸው ከመቅላቱ የተነሳ የሞቱ አልመሰሏትም ነበር። ልጆቻቸው ስልኩን አስቆርጠው ቤቱን ሸጡት።

«ሚስተር ሀውክ፣ ሚስተር ስታኔክ ደወሉ።»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ኤሜት፣ እኔ ነኝ የተኛሁት፤ ሕልሙን የምታየው ግን አንተ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና ኮሪን ገባች። የኤልም መንገዱን ቤት የገዛችው እሷ ናት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። አራት ዓመት የሞላትን ልጇን ቴሲን በእጇ ይዛለች።

«ዛሬ ማታ ውርጭ ይጥላል አሉ» አለች ሳትቀመጥ። «ማሞቂያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ላቀጣጥለው ነው። ቢበላሽብኝ ያ ከቤቱ ጋር የተሰጠኝ የጥገና ዋስትና ይሠራል አይደል?»

«ለዚህ ለዚህ እኮ ነው የተገዛልሽ» አሉ ሚስተር ሀውክ፣ ተቃንተው እየተቀመጡ። «ቤቱን እሳት ወይ ዐውሎ ንፋስ ቢነካው የእኔ ኢንሹራንስ አለ። ማሞቂያው፣ ቧንቧው አርጅቶ ቢሞትብሽ ደግሞ የዋስትናው ድርጅት ሰው ልኮ ይጠግናል። በሁለቱም በኩል ተሸፍነሻል።»

እውነቱን ለመናገር ዋስትናውን የሚያሻሽጡት እሳቸው ናቸው፤ ከድርጅቱም ድርሻ አላቸው። በዚያ በጋ ቤት ጠፍቶ ገዢው ይሻማ ነበር፤ ያለ ባለሙያ ፍተሻ እገዛለሁ ያለ ብቻ ያሸንፋል። ሻጮቹ እንደ አገሩ ልማድ የአንድ ዓመት ዋስትና ይመርቁለታል፤ ገዢውም በሱ ይጽናናል። ኮሪንም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

«ፍተሻውን የተውኩት በእርስዎ ቃል ነው» አለች። «ብቻዬን ብሆን ግድ የለኝም ነበር።»

ቴሲ የእናቷን ኮት ሳብ አደረገች። «ሰውዬው አታቀጣጥሉ ብሏል።»

«የቱ ሰውዬ፣ የኔ እመቤት?» አሉ ሚስተር ሀውክ እየሳቁ።

«ወለሉ ውስጥ ያለው። በቀዳዳው ነው የሚያወራኝ። ከረሜላ አለኝ ይላል፣ ግን አይሰጠኝም።»

ሚስተር ሀውክ ሳቃቸውን አቋርጠው ጠረጴዛዬን አዩ። እኔም የስልኩን ነገር ለኮሪን ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «የልጄ አልጋ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ የማሞቂያው አየር በሚወጣበት በዚያ ቀዳዳ አጠገብ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሙቀቱ እዚያ ይሻላል ብዬ።»

ሚስተር ሀውክ ራሳቸው ለዋስትናው ድርጅት ደወሉ። ሳይመሽ ሩፐስ የሚባል ጠጋኝ ተላከና ሁላችንም ተከትለነው ሄድን። ኮሪን ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጣ መጣች።

ሩፐስ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ያፏጭ ነበር። የማሞቂያውን ክዳን ነቅሎ ባትሪ አበራበት፤ በትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ ሲያይ ፉጨቱ ቆመ።

«ወደዚህ ኑ» አለ። የእሳቱ ክፍል ብረት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ጣት ያስገባል። «ይሄ ሲነድ ጭሱ በጢስ ማውጫው አይወጣም፤ ከሙቀቱ ጋር ቤት ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም። እንደ ከሰል ጭስ ተኝተህ ይወስድሃል። እዚህ ማን ነበር የሚኖረው?»

«አርፈዋል» አልኩት። «ላይ፣ ወንበራቸው ላይ።»

«ፊታቸው ቀልቶ ነበር? የዚህ ጭስ ምልክቱ እሱ ነው።»

ሩፐስ የጋዙን መዝጊያ ጠመዘዘና እጁን በሱሪው ጠረገ። በቱቦዎቹ ውስጥ የሆነ ነገር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው እንዳልል ማሞቂያው ከበረዶው ወራት ወዲህ አልነደደም።

ሩፐስ ስልኩን ይዞ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ዓይናችንን ሸሸ። «ድርጅቱ አይቀይርላችሁም። ስንጥቁ ቤቱ ሳይሸጥ የነበረ ነው፤ ቀድሞ የተበላሸውን አንነካም ይላሉ። እኔ ተላላኪ ነኝ፣ እኔን አትስደቡኝ።»

«የእርስዎስ?» አለች ኮሪን ወደ ሚስተር ሀውክ ዞራ።

«ለእርጅና ኢንሹራንስ አይከፍልም።»

«በሁለቱም በኩል ተሸፍነሻል ብለውኝ ነበር።»

ሚስተር ሀውክ ቆባቸውን አውልቀው ጠርዙን ያሻሹ ጀመር። «ፍተሻ የሚያደርግ ሰው ይሄን ባንድ ቀን ያየው ነበር። ዋስትናው ይጠቅማል፣ ኮሪን፤ ግን ለደህና ቤት ነው የሚጠቅመው። እኔ ደግሞ ዋስትናውን ያሻሻጥኩት ቤቱን ሳላይ ነው።»

«አሁን ምን ላድርገው ታዲያ? ውርጩ ዛሬ ነው የሚጥለው።»

በዚህ መሃል ከላይ፣ ሳሎን ውስጥ ስልክ ጮኸ። ኮሪን የቤት ስልክ የላትም። ሽቦው ከተቆረጠበት ግድግዳ ሥር የሽማግሌው አሮጌ ስልክ ተቀምጦ ነበር፤ ልጅቷ ስለምትጫወትበት አልተጣለም። ሦስታችን ደረጃው ላይ ደርቀን ቀረን። ሚስተር ሀውክ ግን ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጡና አነሱት።

ብዙ ሰሙ። ከዚያ፣ «ጠፍቷል፣ ኦርቪል» አሉ። «ጋዙን ዘግተነዋል።» እንደገና ሰሙና እጀታውን በቀስታ አስቀመጡት።

«ምን አለዎት?» አልኩ።

«ልጅቷ ዛሬ የት ነው የምታድረው አለኝ።» የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ ወደ ኮሪን ዞሩ። «የልጅቷን ልብስ ሰብስቢ። ማሞቂያው እስኪቀየር እኛ ቤት ናችሁ፤ የሚቀየረውም በእኔ ነው። ለሚስቴ ለማርታ ምን እንደምላት መንገድ ላይ አስባለሁ።»

ስንወጣ በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። በሳሎኑ መስኮት አየሁ፤ የቴሲ አልጋ ከቀዳዳው አጠገብ ተገፍቶ ወደ ማዶው ግድግዳ ተጠግቷል። ማናችንም አልነካነውም ነበር።