ማር የሌለው ጣሪያ

ሐናን ከቢቸና በመጣች ቁጥር የምትለው አንድ ነው። «አስቤስቶሱን ሳታረጥቡ አትንኩ። አትስበሩ፣ በመጋዝ አትቁረጡ፣ በደረቁ አትጥረጉ። ከግቢው የወጣች ቁራጭ ካገኘሁ ሥራው ይቆማል!» እሷ የደኅንነት ተቆጣጣሪያችን ናት፤ እኔ አብዱራዛቅ ደግሞ ሞጣ ውስጥ ያለውን አሮጌ የእህል መጋዘን የአስቤስቶስ ጣሪያ የማስነሣው ፎርማን ነኝ።

ሥራ በጀመርን ቀን አንድ ሙሉ ክዳን ጠፋ። የመጋዘኑ ጎረቤት እትዬ ይርጋነሽ የዶሮ ቤት እየሠሩ ስለነበር ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«እኔን ነው ሌባ የምትለኝ?» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

በገንኩ። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ሰቅያለሁ፣ ገመድ ወጥሬያለሁ፤ ሰዉ ግን በገመዱ ሥር እየሾለከ ክዳን ያማርጣል። ለበግ ቤት፣ ለሽንት ቤት የማይፈልገው የለም። ስለዚህ «ጣሪያው ውስጥ ክፉ ንብ ሰፍሯል» ብዬ በገበያው አስወራሁ። የሱቅ ልጅ ነኝ፤ ንብ ሳይ የማውቀው መሮጥ ብቻ ነው። ሌላውም የሚሮጥ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ነጭ ቱታችንንና ማስካችንን አድርገን ጣሪያው ላይ ውሃ ስንረጭ፣ ቁልቁል ባይ ሰፈሩ በሙሉ ሳህን ይዞ ቆሟል። ለካ ማር ሲቆረጥ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሸኝም!

«ጭሱስ የታለ?» አለ አንዱ።

«ዘመናዊ ነው፤ በውሃ ነው የሚቆርጡት» ብሎ ሌላው አስረዳው።

ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልለን ስናወርድማ ጭራሽ ባሰ። «ማሩን እየደበቁ ነው!» ብለው ገመዱን በጥሰው ገቡ። ይኼኔ ሐናን ከመኪናዋ ወረደች። እኔም ከመሰላሉ ወርጄ ጮህኩ።

«ማር የለም! ዋሽቻችሁ ነው! ይህ ክዳን ሲሰበር ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣዋል። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ከስንት ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱልኝ!»

ሰዉ እያጉረመረመ ባዶ ሳህኑን ይዞ ተበተነ። እትዬ ይርጋነሽ ብቻ ቀሩ። እሳቸው ሳህን አልያዙም።

«ክዳኑ ገና ያልተቆረጠ ከሆነስ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ከሰዓት ልናስቆርጠው ነበር። የልጅ ልጆቼ ግራና ቀኝ ሊይዙልኝ።»

ወደ ግቢያቸው ስንሮጥ ሐናን ራሷ ውሃ ይዛ ቀደመችን፤ ክዳኑን ከጭድ ሥር፣ ምንም ሳይሆን፣ ዶሮ ተኝታበት አገኘነው። አርጥበን ጠቀለልነው።

«ሌባ ግን አላልኩዎትም» አልኳቸው ላሾፍባቸው ብዬ።

«አላልከኝም። ክልክል ነው አልከኝ፣ ንብ ነው አልከኝ። ሳንባ ይበላል ብትለኝ ኖሮ ልጆቼን ላስይዝ ነበር?»



ያን ዕለት ታፔላውን አውርጄ እሳቸው እንዳሉት «ሳንባ ይበላል» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ገመዱን ያለፈ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠዋት ጠዋት ሳህናቸውን ይዘው ከገመዱ ማዶ ይቆሙና «ትንሽም የለ?» ይሉኛል።