ከአራት ቀጥሎ ዘጠኝ

«እማዬ፣ ይሄ መስመር ከተስተካከለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ ከጠረጴዛ ሥር ተኝታ፣ ኬብል በእጇ ይዛ ነው። እኔ ምሳዋን ላደርስላት መጥቼ ነበር። እሷ በቴክኒሻንነት ለምትሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ቅርንጫፍ ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ መስመር የሚላከው ዝርዝር መሃሉ እየጎደለ ይደርሳል፤ ካልተስተካከለ ቅርንጫፉ ይዘጋል ተብሏል። ከተዘጋ ልጄ ሥራ ፍለጋ ከአጠገቤ ትርቃለች።

«መሞከሪያ እየላኩልን ነው። ቁጥሮቹን አንብቢልኝ» አለችኝ።

የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ገና መንፈቄ ነው። ጣቴን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አድርጌ ጀመርኩ።

«ሁለት… ሦስት… አራት… ዘጠኝ።»

«እማዬ፣ ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም።»

«አስተማሪሽ ይስማሽና።»

«ጣቴ እዚሁ ነው ያለው፤ ነይና እዪው።»

አቧራዋን እያራገፈች ወጣች። አየችና ሳቀች። «የዘለለውስ ኮምፒውተሩ ነው።»

በዩኒክስ ሥርዓት የሚሠራው አሮጌው ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት ሞደሙን፣ በስልክ የሚመጣውን የሚያቀብለውን ዕቃ፣ «ቆይ» የሚለው በአንድ ሽቦ ነው አለችኝ። አዲሱን ፈጣን ሞደም ያገናኙት ግን በድሮው ኬብል ነው፤ ያ ሽቦ የለውም። ሞደሙ ዝም ብሎ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ያልያዘው ይጠፋል።

«ጀሪካኑ ሞልቶ ‹በቃ› የሚልሽ ሰው ሲጠፋ ውሃው እንደሚፈሰው» አለች።

የጎደለውን ሽቦ በየደችበት። ኮምፒውተሩም በዚያ ሽቦ እንዲጠቀም አዘዘችው። እንደገና አነበብኩ፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ እስከ መጨረሻው።

«ተመስገን፣ ተረፍን» አልኳት።

እሷ መሣሪያዎቿን እየጠረገች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዋ ጠርቶ እንኳን ደስ አለሽ አላት። መስመሩ ካላስቸገረ እዚህ ቴክኒሻን አያስፈልግም፤ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ግን ዝርዝራቸው አሁንም እየጎደለ ነው። እነሱንም እንድታስተካክል ርቆ ወዳለው ዋናው መሥሪያ ቤት አዛወሯት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ቅርንጫፉ ሲዘጋ ትሄዳለች ብዬ ነበር እንጂ መስመሩ ሲስተካከል ትሄዳለች ብዬ አልፈራሁም።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ በመስኮት እጄን ያዘችኝ።

«እደውልልሻለሁ፣ እማዬ።»

«ስትደውዪ ቀስ ብለሽ አውሪኝ፤ መሃሉ እንዳይቀርብኝ።»

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ቅርንጫፉ አልተዘጋም። ኮምፒውተሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እኔም ቀረሁ። ልጄ ሄደች።